በጠባብ ቀዳዳ የማይታየው አደጋ

የወገብ ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን ዛሬ ጀርባን በሰፊው መክፈት ግዴታ አይደለም። 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቱቦ በጡንቻው መካከል ይገባል፤ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ የወጣውን ዲስክ ያነሳል። ጡንቻው ብዙም ስለማይጎዳ ታማሚው ቶሎ ይራመዳል። ሐኪሙ ግን የሚያየው ከቱቦው ጫፍ ያለውን ብቻ ነው።

ደሙ ወደ ሆድ ሲፈስ

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ በ4ኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። ታማሚው ተደፍቶ ስለሚተኛ እነዚህ ሥሮች ከዲስኩ በታች ይውላሉ። ዲስኩን የሚነክሰው መቆንጠጫ የፊተኛውን ግድግዳ አልፎ ከሄደ ያገኛቸዋል። ደሙ ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ ስለሚጠራቀም ቁስሉ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ቀድሞ የሚነቃው እንግዲህ ራስጌ ያለው የማደንዘዣ ባለሙያ ነው፦ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ ልብ ይፈጥናል። «መድኃኒቱ በዝቶ ይሆናል» ብሎ ማለፍ ሕይወት ያስከፍላል።

ሥራው ወዲያው ይቆማል፤ ቁስሉ ተሸፍኖ ታማሚው በጀርባው ይተኛል፤ ደም ይታዘዛል፤ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ይጠራል፤ ሆድ ይከፈታል። ግፊቱ ሳይረጋ ታማሚውን ወደ ሲቲ ስካን መግፋት አይገባም። አንዳንዴ ደግሞ የተጎዱት ደም ቅዳና ደም መልስ እርስ በርስ ተገናኝተው፣ ጉዳቱ ከወራት በኋላ በልብ ድካም ይገለጣል።

ሽፋኑ ሲቀደድ

የነርቭ ሽፋኑ መቀደድ ከዚህ ይልቅ የተለመደ ነው። ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቅ ይላል። ትንሹን ቀዳዳ በልጥፍና በሕክምና ማጣበቂያ መዝጋት ይቻላል፤ ትልቁ ይሰፋል። በቱቦው ውስጥ መስፋት ካቃተ የጀርባውን ቁስል ሰፋ አድርጎ መክፈት ነው፤ ምን ያሳፍራል? በኋላ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ፈሳሹ አሁንም እንደሚወጣ ያመለክታል።

የውሃው ግፊት

በማይክሮስኮፕ ፈንታ በኢንዶስኮፕ፣ ወደ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ሲሠራ ውሃ ያለማቋረጥ ይፈሳል። በማደንዘዣ ያልተኛ ታማሚ ወገቡ እየተሠራ «አንገቴን አመመኝ» ካለ፣ ውሃው በነርቭ ሽፋኑ ዙሪያ ያለውን ግፊት እየጨመረ ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ካልተቀነሰ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል።

የመጀመሪያው ሌሊት

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተጠራቀመ ደም ነርቮቹን ሲያንቅ ሕመሙ እየጨመረ ይሄዳል፤ እግር ይዝላል፣ መቀመጫ አካባቢ ይደነዝዛል፣ ሽንት ይያዛል። ስለዚህ የተረኛዋ ነርስ «ሽንት ሸኑ?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ ምርመራ ነው። ኤምአርአይ ቶሎ ካልተገኘ ወረፋ አይጠበቅም፤ ቁስሉ ተከፍቶ ደሙ ይወጣል።