እግርሽ ከወለሉ አይለይ፦ ከፍ ያለ ቤት መስኮት ስናጸዳ

እህቴ፣ ቤይሩት በገባሁ በሰባተኛው ወር ከአምስተኛ ፎቅ ልወድቅ ለጥቂት ተረፍኩ። ይህን የማወራሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ምናልባት አንቺም ነገ ጠዋት እንደዚያ ያለ መስኮት ታጸጂ ይሆናል።

ወቅቱ ጸደይ ነበር። ኸምሲን የሚሉት አቧራማ ነፋስ ሁለት ቀን ሙሉ ነፍሶ መስታወቱን ሁሉ አፈር አልብሶታል። ማዳም ከሰዓት እንግዳ ስለነበራት «የውጪውንም፣ ቶሎ በይ» አለችኝ። የሳሎኑ መስኮት በሐዲድ የሚንሸራተት አሉሚኒየም ነው። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ወጣሁ። አልደርስ ሲለኝ አንድ እግሬን ደፉ ላይ አደረግሁና በግራ እጄ የመስኮቱን ፍሬም ይዤ፣ በቀኜ የውጪውን መስታወት ማሸት ጀመርኩ። ደፉ ላይ የሳሙና ውሃ ፈስሶ ኖሮ እግሬ አዳለጠኝ። የያዝኩት ፍሬምም አብሮኝ ተንሸራተተ።

እግዚአብሔር ሲያወጣኝ ወደ ውስጥ ወደቅሁ። ነጠላ ጫማዬ ግን ወደ ውጪ ሄደ። ታች የቆመ መኪና ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ተነሥቼ፣ በአንድ እግሬ ጫማ፣ የሚቀጥለውን መስኮት ጨረስኩ። ጥፋቱ የእኔ ስለመሰለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ የምትሠራ አንዲት የጎንደር ልጅ ግን ከበረንዳዋ ሆና አይታኝ ነበር። ማታ ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ እጄን ያዘችና «መስታወት ቢቆሽሽ ነገ ይታጠባል። አንቺ ብትወድቂ እናትሽ ማንን ብላ ትጠራለች?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያስተማረችኝን ነው አሁን የማካፍልሽ።

ለምን እንወድቃለን?

ብዙ ጊዜ የመስኮት ደፍ ከወለሉ 90 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ወለሉ ላይ ስትቆሚ ወገብሽ አካባቢ ስለሚደርስ ይመልስሻል። 45 ሳንቲሜትር በሚሆን ወንበር ላይ ስትወጪ ግን ያው ደፍ ጉልበትሽ ጋ ይቀራል። ትንሽ ካጋደልሽ የሚይዝሽ ነገር የለም። ስለዚህ ወንበሩ ቁመት ሲጨምርልሽ መከታሽን ይወስድብሻል።

የሚንሸራተት ፍሬም፣ የወባ ትንኝ መረብ፣ መጋረጃ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ እነዚህ ሁሉ የሰው ክብደት አይችሉም። በጾም ወይም በእንቅልፍ ማጣት የደከመ ሰውነትም ሳይታሰብ ያዞራል።

እንዴት እናጽዳ?

ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ሁለቱም እግሮችሽ ወለሉ ላይ ይሁኑ፣ ወደ ውጪ የሚወጣው ክንድሽ ብቻ ይሁን። ራስሽና ትከሻሽ ከመስኮቱ ውጪ ከወጡ አልፈሻል ማለት ነው።

1. ከመጀመርሽ በፊት ደፉንና የቆምሽበትን ወለል አድርቂ። ባልዲውን ደፍ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ አስቀምጪ። በነጠላ ጫማ ሳይሆን በማያዳልጥ ጫማ ሥሪ።

2. ለውጪው ረጅም እጀታ ያለው የመስታወት ማጽጃ ተጠቀሚ። ከሌለ ስፖንጁን መወልወያ እንጨት ላይ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። ከእጅሽ አምልጦ ቢወድቅ ልትይዢው አትንጠራሪ።

3. የሚንሸራተት መስኮት ከሆነ መጀመሪያ አንዱን ወገን ክፈቺና እጅሽ እስከደረሰበት አጽጂ፣ ከዚያ ሌላውን። ያልደረስሽበት ይቅር። የማይከፈት የውጪ መስታወት በገመድና በመሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥራ ነው።

4. ነፋስ ወይም ዝናብ ሲኖር፣ በምሽት፣ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት አትጀምሪ።

5. በረንዳ ላይም ጥንቃቄው ያው ነው። ከአጥሩ አጠገብ ወንበር ላይ አትውጪ። ውሃ የጠጣ ምንጣፍ በአጥሩ ላይ አሳልፈሽ አታራግፊ፤ ክብደቱ ይዞሽ ሊሄድ ይችላል።

ለማዳም እንዴት እንንገር?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እንግዳ ሊመጣ ሲል ሳይሆን ከጽዳቱ ቀን በፊት፣ ማዳም ረጋ ባለችበት ሰዓት ንገሪያት። ችግሩን ብቻ ሳይሆን መፍትሔውንም አብረሽ አቅርቢ። ሊባኖስ ላለሽ እነዚህ ቃላት ይበቃሉ፦

«ማዳም፣ ኻይፌ ኡአዕ» (እንዳልወድቅ እፈራለሁ)
«በዴ ዐሳዬ ጠዊሌ» (ረጅም እንጨት እፈልጋለሁ)
«ሚን ጁዋ ኤ፣ ሚን በራ ላ» (ከውስጥ እሺ፣ ከውጪ አይሆንም)

የእኔ ማዳም መጀመሪያ ተቆጣች። «የበፊቷ ታጸዳው አልነበር?» አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ያንኑ ቃል በትሕትና ደገምኩላት። በሦስተኛው ቀን ረጅም እጀታ ያለው ማጽጃ ገዝታ መጣች።

ፍርሃትሽን ስንፍና የሚልሽ ቢኖር ይህን አስቢ። በሆንግ ኮንግ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤት ሠራተኞች ውል ላይ የውጪ መስኮት ስለማጽዳት የሚናገር አንቀጽ ገብቷል፦ መስኮቱ የተቆለፈ ፍርግርግ ይኑረው፣ ከክንድ በስተቀር ሌላ የሰውነት ክፍል ከደፉ አይውጣ ይላል። በሊባኖስ ግን የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። ሕጉ ስላልተናገረልሽ ሕይወትሽ ረክሷል ማለት አይደለም። ቀድመሽ መናገር ያለብሽ ግን አንቺ ነሽ።

ከነገርሻትም በኋላ ብታስገድድሽ የውስጡን አጽጂና በዚህ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ ወዳለው ቁጥር ደውዪ። በር ተቆልፎብሽ ቢጨንቅሽም ደውዪ እንጂ በመስኮት ወይም አንሶላ ቀጥለሽ ለመውረድ አትሞክሪ። አንዲት እህት ወድቃ ብታገኚ አታንሻት፣ አንገቷንም አታንቀሳቅሺ። በሊባኖስ ለአምቡላንስ 140፣ ለፖሊስ 112 ደውዪ።

እኔ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሠርቼ በእግሬ ቆሜ አገሬ ገባሁ። አንቺንም በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ።

ለመወያያ

• በምትሠሪበት ቤት እግርሽ ወለሉ ላይ ሆኖ የማትደርሺበት መስታወት የትኛው ነው?
• ለማዳምሽ ለመንገር የሚመቸው ሰዓት መቼ ነው? ቃላቱን ከጓደኛሽ ጋር ተለማመጂ።
• አዲስ የመጣች እህት ወንበር ላይ ወጥታ ብታያት ምን ትያታለሽ?