ከባድ ብረቶችና ናይትሬት ሠሪ ባክቴሪያዎች
የፋብሪካ ፍሳሽና ዝቃጭ ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት

መግቢያ

በመራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታቅዶ የተሠራ ነው። ቡሬ ላይ ደግሞ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል። ፋብሪካ ባለበት ፍሳሽ ይኖራል፤ ፍሳሹ ሲጣራም ዝቃጭ ይቀራል። ዝቃጩ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላለው ለማዳበሪያነት ይፈለጋል። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፍሳሽ ወይም ዝቃጭ ከመቀበላቸው በፊት ማወቅ የሚገባቸውን ያስረዳል።

1. የባክቴሪያዎቹ ሥራ

በፍሳሽ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ብዙው በአሞኒያ መልክ ይገኛል። አሞኒያ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ዓሣ ይገድላል። በማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ናይትሮሶሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትሮባክተርና ናይትሮስፓይራ የሚባሉት ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። በማሳ ላይ ከዩሪያ የሚገኘውን አሞኒያ ለሰብሉ ወደ ናይትሬት የሚለውጡትም የእነዚሁ ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው።

1 ኪሎ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ 4.6 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ያስፈልጋል። ሥራው አሲድ ስለሚፈጥር፣ ያንን አሲድ ለማርከስ 7 ኪሎ ግራም ያህል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይጠይቃል። እርባታቸውም አዝጋሚ ነው። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች በሚመቻቸው ሁኔታ በግማሽ ሰዓት ገደማ እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ ግን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ካለቁ ቶሎ አይተኩም።

2. የከባድ ብረቶች ጉዳት

መዳብ በጥቂቱ ለአሞኒያ ለዋጮቹ አስፈላጊ ነው፤ ሲበዛ ግን መርዝ ይሆናል። ኒኬል፣ ዚንክ፣ ካድሚየምና ክሮሚየምም ሲበዙ የባክቴሪያዎቹን ሥራ ያግዳሉ። የጉዳቱን መጠን ሦስት ነገሮች ይወስናሉ።

ሀ. አሲዳማነት፦ ውኃው ወይም አፈሩ አሲዳማ በሆነ መጠን አብዛኞቹ ብረቶች ይበልጥ ይሟማሉ። ጎጂው በተለይ የሟሟው ብረት ነው።
ለ. ብስባሽ፦ ፍግና ኮምፖስት ብረቱን አጣብቀው ስለሚይዙ ጉዳቱን ይቀንሳሉ።
ሐ. አመጣጥ፦ በድንገት በብዛት የገባ ብረት፣ ጥቂት በጥቂት ከሚገባው ይልቅ ይጎዳል።

ጉዳቱ የሚታወቀው በማጣሪያው መውጫ ላይ አሞኒያ ሲጨምርና ናይትሬት ሲቀንስ ነው።

3. ከአገራችን ምሳሌ

ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የክሮሚየም ጨው ይጠቀማሉ፤ ቆዳው ያልያዘው ክሮሚየም ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። በአዲስ አበባ የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ አቃቂ ወንዝ ሲገባ ቆይቷል። ገበሬዎችም በዚያው ውኃ አትክልት ያለማሉ፤ በአፈሩና በአትክልቱ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል።

ፍቱን መከላከያው ክሮሚየም ያለበትን ፍሳሽ ከሌላው ለይቶ መያዝ ነው። ፒኤቹ በኖራ ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ሲል ክሮሚየሙ ይዘቅጣል፤ የቀረው ውኃ ወደ ባክቴሪያዎቹ ገንዳ ይሄዳል። የዘቀጠው ክሮሚየም ወደ ማሳ መግባት የለበትም።

4. ለመራዊና ለአካባቢው የሚሰጥ ምክር

የአካባቢው ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር የባክቴሪያዎቹ ሥራ ቀድሞም ደካማ ስለሆነ ብረት ሲጨመርበት ይብሳል። ብረት አይበሰብስም፤ አንዴ ከገባ ለትውልድ ይቆያል። ስለዚህ፦

- የዝቃጩ ምንጭ ይጠየቅ። የምግብ ፋብሪካ ዝቃጭ ከቆዳ፣ ከብረት ቅብና ከባትሪ ፋብሪካ ዝቃጭ የተለየ ነው።
- የመስኖ ውኃ በላቦራቶሪ ይመርመር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በ1 ሊትር የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ክሮሚየም 0.1፣ መዳብና ኒኬል እያንዳንዳቸው 0.2፣ ዚንክ 2፣ ካድሚየም 0.01 ሚሊ ግራም ነው።
- አሲዳማ ማሳ በአፈር ምርመራ መሠረት ኖራ ይጨመርበት። ኖራ የብዙዎቹን ብረቶች መሟሟት ይቀንሳል እንጂ ከአፈሩ አያስወጣቸውም።
- ምንጩ ያልታወቀ ወይም ያልተመረመረ ዝቃጭ በነፃ ቢሰጥም ማኅበሩ አይቀበል። የገበሬው የራሱ ፍግና ኮምፖስት ይበልጣል።