ስለ አሮጌ መጻሕፍት ሱቅ

አዲስ መጽሐፍ ወደሚሸጥበት ሱቅ የሚገባ ሰው የሚሻውን አስቀድሞ ያውቃል፤ የመጽሐፉን ስም ተናግሮ ዋጋውን ከፍሎ ይወጣል። ሰዎች አንብበው የሸጧቸው መጻሕፍት ወደሚከማቹበት ሱቅ የሚገባ ግን ብዙ ጊዜ ያላሰበውን ይዞ ይወጣል። የዚህ ሱቅ ደስታ ከዚሁ የተነሣ ነው።

በሰኔ ወር 1860 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዓመት ሁሉ እንደዚሁ ነው)፥ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሮበርት ብራውኒንግ በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ በሳን ሎሬንሶ አደባባይ ሲያልፍ ከአሮጌ ዕቃ መካከል አንድ ብጫ መጽሐፍ አየና በአንድ ሊራ ገዛው። መጽሐፉ ገሚሱ የታተመ ገሚሱ በእጅ የተጻፈ ሆኖ፥ በ1698 ጊዶ ፍራንቸስኪኒ የሚባል መኰንን ሚስቱንና እርስዋን ያሳደጉትን ባልና ሚስት ስለ ገደለ በሮማ የተደረገውን ክርክር የያዘ ነበረ። ብራውኒንግ ከዚህ ተነሥቶ «ቀለበቱና መጽሐፉ» የሚባለውን በ12 ክፍል የተከፈለ ታላቅ ቅኔውን ጽፎ በ1868ና በ1869 አሳተመ። ያን ቀን አንድ ነጋዴ ቀድሞት ለዕቃ መጠቅለያ ገዝቶት ቢሆን ኖሮ፥ ያ ሁሉ ነገር ከወረቀቱ ጋራ በጠፋ ነበር።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ሱቅ ለሚሠራበት ሰው ሁልጊዜ አያምርም። ጆርጅ ኦርዌል የተባለው ጸሐፊ በ1934ና በ1935 በሎንዶን፥ ሃምስቴድ በሚባለው ሰፈር፥ በአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ሲሠራ ቈይቶ በ1936 ትዝታውን ጻፈ። ሱቁ በብርድ ወራት እንደሚቀዘቅዝ፥ አቧራውም እንደሚበዛ፥ ዝንቦችም ለመሞት ከመጽሐፍ አናት የተሻለ ስፍራ እንደማይመርጡ፥ ከሚገቡትም ሰዎች እውነተኛ መጽሐፍ ወዳድ ጥቂት እንደ ሆነ ይናገራል። መጽሐፍን ለመሸጥ ሲል ሐሰት መናገር ስላስፈለገው ለመጻሕፍት የነበረው ፍቅር እንደ ቀዘቀዘበት አልሸሸገም። ምስክርነቱን መቀበል ይገባናል፤ እርሱ አቧራውን በገዛ እጁ አራግፎታልና።

በልብ ወለድ ታሪክ ያለው ባለሱቅ ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሞርሊ በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሮጀር ሚፍሊን የሚባል ሰው በብሩክሊን አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣል። ይህ ሰው ራሱን እንደ ሐኪም ይቈጥራል፤ ወደ እርሱ የሚመጣው ሰው መታመሙን እንኳ ሳያውቅ እርሱ ነፍሱ ምን እንደ ጐደላት መርምሮ መድኃኒት የሚሆነውን መጽሐፍ ያዝዝለታል።

አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ሰው በልብ ወለድ ብቻ የሚገኝ አይምሰልህ። በ1949 በኒው ዮርክ የምትኖር ሔሊን ሃንፍ የምትባል ኑሮዋ ጠባብ የሆነ ደራሲ፥ በሎንዶን በቼሪንግ ክሮስ መንገድ በ84 ቍጥር ቤት ለሚገኘው ማርክስና ኩባንያ ለሚባል ሱቅ ደብዳቤ ጻፈች። ንጹሓን የሆኑ አሮጌ መጻሕፍት፥ የእያንዳንዱ ዋጋ ከ5 ዶላር የማይበልጥ፥ እንዲልኩላት ለመነች። መልሱን የጻፈላት ፍራንክ ዶል የሚባል የሱቁ ሠራተኛ ነበረ። እርስዋ ቀልደኛና ቍጡ፥ እርሱ ጭምትና ትሑት ነበረ፤ የምትሻውንም መጽሐፍ ባያገኝ ዓመታት ቢያልፉ እንኳ መፈለጉን አይተውም ነበረ። እርስዋ ይልቁንም የምትወደው ሌላ ሰው ቀድሞ ያነበበውን መጽሐፍ ነው፤ በገጹ ዳር የተጻፈ ማስታወሻ ባገኘች ጊዜ ከማታውቀው ሰው ጋራ አብራ የምታነብ ይመስላት ነበርና።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ የተነሣ ምግብ በመጠን ይታደል ነበረ፤ ይህም እስከ 1954 ቈየ። ሔሊን ይህን በሰማች ጊዜ ለሱቁ ሠራተኞች ሁሉ ሥጋና እንቍላል ትልክላቸው ጀመረች። እነርሱም በፈንታው አንዲት አሮጊት በእጅዋ የጠለፈችውን የጠረጴዛ ልብስ ላኩላት። መጥተሽ ጐብኚን እያሉም ይጽፉላት ነበረ። እርስዋም ለመሄድ ገንዘብ ታጠራቅም ጀመረች፤ ነገር ግን ጥርስዋ ታመመና ያጠራቀመችው ሁሉ ለጥርስ ሐኪም ሆነ፤ የንግሥት ኤልሳቤጥም የዘውድ በዓል በ1953 ሲከበር ከቤትዋ ቀረች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ወጪ መጣ። እንዲህ ለከርሞ ለከርሞ ሲባል 19 ዓመት አለፈ።

ፍራንክ ዶል በታኅሣሥ 1968 በድንገት ታሞ ሞተ። ሔሊን መሞቱን ያወቀችው በጥር ወር ከሱቁ በተጻፈላት ደብዳቤ ነው፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ከቶ ተያይተው አያውቁም። ደብዳቤዎቻቸው በ1970 በመጽሐፍ ታተሙ፤ በዚያው ዓመት ሱቁ ተዘጋ። መጽሐፉ በእንግሊዝ አገርም በታተመ ጊዜ፥ በ1971፥ ሔሊን ወደ ሎንዶን ሄደች። 84 ቍጥር ቤት ደርሳ በገባች ጊዜ ሱቁ ባዶ ነበረ።