ተሳቢው የሚፈታበት ቦታ
የእርዳታ እህል ጭነት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገዶች

መግቢያ

የእርዳታ እህል ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ከወደብ እስከ ዋናው መጋዘን ባለው ርቀት ነው። ችግረኛው ሕዝብ የሚለካው ግን ከዋናው መንገድ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያው ባለችው አጭር ርቀት ነው። ከወደብ የተነሣ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በጥቂት ቀናት ያቋርጣል። በኮረኮንችና በጭቃ መንገድ የሚቀረውን የመጨረሻ ጉዞ ግን ለመጨረስ ከዚያ የበለጠ ቀን ሊወስድበት ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይደርስም።

ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው በተለምዶ 400 ኩንታል ይጭናል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ይታደላል ቢባል፣ ይህ ጭነት ከ2,600 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው። ከዚህም ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በተሳቢው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ተሳቢ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ወይም ማጥ ውስጥ ሲሰምጥ፣ ከ1,300 በላይ ሰዎች የወር ቀለባቸው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለስምሪት ክፍል ሠራተኞች፣ ለመጋዘን ኃላፊዎችና ለመስክ ተቆጣጣሪዎች ስለ ተሳቢ አጠቃቀም መሠረታዊ ትምህርት መስጠት ነው። የጽሑፉም ዋና ሐሳብ፣ በዚህ አገር የጭነት ዕቅድ የሚጀምረው ተሳቢው የት እንደሚፈታ በመወሰን ነው የሚል ነው።

1. የአገሩና የመንገዱ ጠባይ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የጠጠር መንገድ ሆኖ ከቆየ በኋላ አስፋልት ለብሷል። መንገዱ በጣና ሐይቅ አጠገብ ካለው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ሥር አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ነፋስ መውጫ ይወጣል።

የመንገዱ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ዋና መንገድ ከወጡ በኋላ ነው። አርብ ገበያ በታች ጋይንት፣ ወገዳ በስማዳ፣ መካነ ኢየሱስም በእስቴ የሚገኙት ከዋናው መንገድ በስተ ደቡብ ነው። ከእነዚህ ከተሞች ወዲያ አገሩ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች እየቆላ ይሄዳል። በደጋው ሜዳ ላይ ጥቁር የዋልካ አፈር አለ፤ በአፋፉ ላይ ድንጋያማና ጠባብ ኩርባ አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ የአህያና የእግር መንገድ ብቻ የሆነበት ስፍራ ብዙ ነው። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሦስት ዓይነት መንገድ ስላለ፣ ሦስት ዓይነት ማጓጓዣ ያስፈልጋል።

2. ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በዚህ አገር ላይ ከባድ ጭነት በመንኰራኵር ለማስጎተት የተደረገው ታላቁ ሙከራ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ በሠረገላ ጭነው፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሡ። በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ደጋ ወጥተው፣ የጅጣን ገደል ወርደው፣ ደላንታን አቋርጠውና በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። በቅሎ ያለው መንገደኛ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

መድፉን የጎተቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ጊዜውን የወሰደው የመጎተቱ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ከመድፉ ፊት ፊት እየሄዱ ድንጋይ መፈንቀል፣ ገደል መቍረጥና መደልደል ያስፈልግ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩ ሰዎች መስክረዋል። ዳገቱን ለመውጣት ከፊት የሚስብ ሰው ሲያስፈልግ፣ ቁልቁለቱን ለመውረድ ደግሞ ከኋላ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር።

በዚያው ዓመት ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የመጣው የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ሌላ ዘዴ ተከተለ። ስንቁን ከፋፍሎ በበቅሎ፣ በግመልና በሌሎች የጭነት ከብቶች ጫነ፤ ከባድ መድፎቹንም ከህንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አጓጓዘ። ጅጣ ሲደርስ ግን የወረደው ዐፄ ቴዎድሮስ ባስጠረጉት መንገድ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለጭነት ሥራ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ የማይከፋፈል ጭነት የሚሄደው መንገዱ በሚፈቅድለት ፍጥነት እንጂ በሚስበው ኃይል መጠን አይደለም። ሁለተኛ፣ የተጠረገ መንገድ ከጭነቱ በኋላም ይኖራል፤ ለሌላም ይጠቅማል። መድፍ አይከፋፈልም፤ እህል ግን በኩንታልና በጆንያ ይከፋፈላል። በመሆኑም የእርዳታ ሠራተኛ ከዚያ ዘመን ጎታቾች የተሻለ ምርጫ በእጁ አለው።

3. ተሳቢ የሚያመጣው ልዩ ችግር

ተሳቢ የጭነቱን መጠን በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ሞተሩንና የሚነዱትን ጎማዎች ግን አይጨምርም። ከዚህም የሚከተሉት ችግሮች ይመነጫሉ።

ሀ/ በዳገት ላይ፤ አየር እየሳሳ ሲሄድ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። በወረታ 400 ኩንታል በቀላሉ የጎተተ መኪና በጋይንት ደጋ ላይ ያንኑ ጉልበት አያገኝም። መሬቱ ርጥብ ከሆነ ደግሞ ጎማው መሬት መያዝ ያቅተዋል፤ መኪናው ባለበት ይሽከረከራል፤ ከዚያም ወደ ኋላ መንሸራተት ይመጣል። ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ከጎን የሚሄደው ስለዚህ ነው።

ለ/ በቁልቁለት ላይ፤ ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል። የተሳቢው ፍሬን ደካማ ከሆነና ሾፌሩ በኩርባ ላይ ከያዘ፣ ተሳቢው ወደ ጎን ወጥቶ መኪናውን ያጥፈዋል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን የሚወርዱት፣ የእግር ፍሬኑ ግሎ እንዳይከዳ በሞተር ፍሬን ለመጠቀም ነው።

ሐ/ በኩርባ ላይ፤ የተሳቢው ጎማ የፊተኛውን ጎማ ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቈርጣል። የመኪናው ጎማ በደህና ያለፈበት ጠርዝ በተሳቢው ጎማ ሊናድ ይችላል።

መ/ ወደ ኋላ ሲመለሱ፤ በሚዞር መጎተቻ የተያያዘ ተሳቢ በጠባብ መንገድ ወደ ኋላ ሊነዳ አይችልም ማለት ይቻላል። መዞሪያ ሜዳ በሌለበት መንገድ የገባ ተሳቢ መውጫ የለውም። የኋላው መኪና ሁሉ ከእርሱ ጋር ይታሰራል።

ሠ/ በማራገፍ ላይ፤ ይህ ስሕተት የሚፈጸመው በሾፌር ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በመጋዘን ሠራተኞች ነው። ጭነቱ በሁለት ጣቢያ የሚራገፍ ሲሆን መኪናውን አስቀድሞ ባዶ አድርጎ ተሳቢውን ሙሉ እንደ ሆነ መስደድ አደገኛ ነው። ባዶው መኪና በዳገት ላይ መሬት መያዝ ያቅተዋል፤ በቁልቁለት ላይ ደግሞ ከእርሱ የከበደ ጭነት ይገፋዋል። ስለዚህ ምንጊዜም አስቀድሞ መራገፍ ያለበት ተሳቢው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ሰው በጭነት ላይም ሆነ በተሳቢ ላይ ተሳፍሮ እንዳይሄድ መከልከል ነው። ወደ ሰፈራ ጣቢያ የሚሄዱ ቤተሰቦችም ሆኑ ከገበያ የሚመለሱ መንገደኞች ከዚህ ደንብ ውጭ አይደሉም።

4. ተሳቢው የት ይፈታ?

የመፍቻው ቦታ በሾፌሩ ድካም ወይም በመኪናው ብልሽት ሊወሰን አይገባም። ተሳቢው ማጥ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚደረግ መፍታት ዕቅድ አይደለም፤ አደጋ ነው። የስምሪት ኃላፊው ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት መንገዱን በቀላል መኪና አይቶ፣ ከአካባቢው ሰዎች ጠይቆ፣ ቦታውን መምረጥ አለበት። ቦታው የሚከተሉትን ማሟላት ይኖርበታል።

— ከመጀመሪያው አስቸጋሪ ዳገት፣ ቁልቁለት ወይም ዋልካ በፊት የሚገኝ መሆን፤
— መኪና ከነተሳቢው ዙሮ ሊመለስበት የሚችል ሜዳ ያለው መሆን፤
— መሬቱ ደልዳላና ውኃ የማይቋጥር መሆን፤
— ለጥበቃና ለጫኝ ሠራተኛ እንዲያመች ከሰው መኖሪያ የራቀ አለመሆን፤
— ጆንያው መሬት ሳይነካ የሚደረደርበት ርብራብና የሚሸፈንበት ሸራ የሚዘጋጅበት መሆን።

ከመፍታት በፊት ተሳቢው በታኮ መያዝ አለበት። ሲገጠምም የመጎተቻው ፒን፣ መጠባበቂያ ሰንሰለቱና የአየር ቱቦዎቹ በሾፌሩና በረዳቱ በየተራ መታየት ይገባቸዋል። በኮረኮንች ላይ ባሌስትራና የጎማ ብሎኖች ስለሚላሉ በየዕረፍቱ መፈተሽ የሥራው ክፍል ነው።

5. ከመፍቻው ቦታ ወዲያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ ተሳቢው ሲፈታ ጭነቱ መከፋፈል ይጀምራል። በተሳቢው ላይ ያለው 200 ኩንታል ቢሆን፣ 50 ኩንታል የሚጭን ቀላል የጭነት መኪና በአራት ምልልስ ያነሣዋል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሊመላለስ ቢችል እንኳ አራት ቀን ይበቃዋል፤ ሁለት መኪናዎች ካሉ በሁለት ቀን ያልቃል። ይህ ጊዜ በመጀመሪያ ሲታይ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን በማጥ ውስጥ የሰጠመ ተሳቢ ለማውጣት ጭነቱን ሁሉ በሰው ትከሻ ማራገፍ፣ ሌላ ጎታች መኪና ማስመጣትና መንገዱን መልሶ መክፈት ያስፈልጋል።

መኪና በማይገባበት ቆላ አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ያህል ይጭናል። 200 ኩንታል የ400 አህዮች ጭነት ነው። ቍጥሩ ብዙ ቢመስልም ለብዙ ቀበሌዎች ሲካፈል የሚቻል ነው። የአህያ ባለቤቶች ግን ከችግሩ ውጭ አለመሆናቸው መታሰብ አለበት። ድርቅ ሲሆን መኖ ስለሚጠፋ ከብቱም ይደክማል፤ ኪራዩ በወቅቱ ካልተከፈለ ባለ አህያው ሁለተኛ አይመጣም። ስለዚህ የኪራዩ ሒሳብ ከእህሉ ጋር ተዘጋጅቶ መድረስ አለበት።

6. የጊዜው ጉዳይ

በእነዚህ ወረዳዎች ዝናቡና ረኃቡ በአንድ ወቅት ይመጣሉ። ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ የሚቆየው ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ያለው ጊዜ፣ ዋልካው የሚያጣብቅበትና ወንዙ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ሕዝቡ እህል አብዝቶ በሚፈልግበት ወር መንገዱ እህል አያሳልፍም። በመሆኑም ተሳቢ የሚሠራው በበጋ ነው፤ ክረምት ሳይገባ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ እህሉ ከመፍቻው ቦታ ወዲያ ባሉ መጋዘኖች ውስጥ መግባት አለበት። በልግ በሚዘንብባቸው ደጋማ ቦታዎች ደግሞ የመጋቢትና የሚያዝያ ርጥበት አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

መዘግየት የሚያስከትለው ዋጋ በኩንታል ብቻ አይቈጠርም። ቀለቡ ያልደረሰው ገበሬ በመጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎ የእርሻ በሬውን ይሸጣል፤ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ በመጨረሻም ቤቱን ዘግቶ ይወጣል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ዳር የወጣው፣ በ1977 ዓ.ም.ም በቆረምና በባቲ መጠለያዎች ብዙ ሕዝብ የተከማቸው በዚሁ ምክንያት ነበር። በተጨናነቁት መጠለያዎች ውስጥ ከረኃቡ ጋር ተላላፊ በሽታ ተጨምሮ ብዙ ሰው ፈጀ። እህሉ ወደ ሰው ካልሄደ ሰው ወደ እህሉ ይሄዳል። የሄደ ሰው ወደ ቀዬው ለመመለስ ደግሞ በሬና ዘር ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው፣ ተሳቢ በደህና መንገድ ላይ ታላቅ ጥቅም ያለው መሣሪያ ሲሆን፣ በገጠር ኮረኮንች ላይ ግን የሚጠቅመው ገደቡ ሲታወቅ ብቻ ነው። ዳገቱን በተሳቢ ለመሞከር የሚገፋፋው ብዙውን ጊዜ «ቶሎ ይድረስ» የሚል በጎ ሐሳብ ነው። ሆኖም የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ዛሬ ሜዳ ላይ የተፈታ ተሳቢ ነገ ሌላ ጭነት ያመጣል፤ ገደል የገባ ተሳቢ ግን የሚያመጣው ነገር የለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሥራ አካባቢያችሁ ካለው ዋና መንገድ ወደ እያንዳንዱ ማከፋፈያ ጣቢያ ሲሄዱ ተሳቢ ሊያልፈው የማይገባው የመጀመሪያው ቦታ የትኛው ነው? በክረምትስ ይለወጣልን?
2. ከዚያ ቦታ ወዲያ ያለውን ጭነት ለማንሣት ስንት ቀላል መኪናና ስንት አህያ ይገኛል? ኪራያቸውስ በማን እጅ ነው?
3. በመጋዘናችሁ መጀመሪያ የሚራገፈው መኪናው ነው ወይስ ተሳቢው? ምክንያቱ ምንድን ነው?