ተማሪ ይዞ ከወለንጪቲ አዋሽ ፓርክ ለሚወርድ መምህር

የተማሪ ጉዞ ሲታሰብ አብዛኛው መምህር አስቀድሞ የሚነጋገረው ስንት ሰዓት እንነሳ በሚለው ላይ ነው። እኔ የምመክራችሁ ከመመለሻው እንድትጀምሩ ነው። የወለንጪቲ ልጆች 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ግቢያቸው መግባት አለባቸው በሉና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከፓርኩ ዋና በር እስከ ወለንጪቲ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ የጅቡቲ ጭነት የሚመላለስበት ስለሆነ ከተሳቢና ከቦቴ ኋላ ተሰልፎ መጓዝ አይቀርም፤ ሁለት ሰዓት ያዙለት። ጎማ ቢተነፍስ፣ የሚያስመልሰው ልጅ ቢኖር፣ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ስለዚህ ከፓርኩ የምትወጡት 8 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳችሁ 2 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ናችሁና ስድስት ሙሉ ሰዓት አላችሁ። ይህ ለአንድ ቦታ ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ከወጣ አይቀር ፍልውሃንም እንይ፣ ስንመለስ ሶደሬ ጎራ እንበል የሚል ሐሳብ ከኮሚቴው መነሣቱ አይቀርም። አትቀበሉት። ሁለተኛ ቦታ የተጨመረበት ጉዞ የሚያልቀው በምሽት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ሲመሽ ግመልና ከብት አስፋልቱን ይሻገራል፣ የተበላሸ የጭነት መኪናም ያለ መብራት ከኋላው ድንጋይ ደርድሮ ቆሞ ይገኛል።

መኪናውን ስትከራዩ ወንበር ቁጠሩ፤ በተማሪ ቁጥር ልክ ካልሆነ ወይ ሌላ መኪና ጨምሩ ወይ ተጓዥ ቀንሱ። መተላለፊያው ላይ በበርጩማ የሚቀመጥ ትርፍ ልጅ አይኑር፤ “ትንንሾች ናቸው፣ ሦስት ሦስት ይቀመጣሉ” የሚላችሁን ባለንብረት አትስሙት። የሦስተኛ ወገን መድኑና የዓመቱ ምርመራ መስታወቱ ላይ መለጠፉን፣ ቀኑም አለማለፉን አንብቡ። ጎማውን በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ጥርሱ ካለቀ መዳፋችሁ ያውቀዋል። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም በቦታው እንዳለ ረዳቱ አውጥቶ ያሳያችሁ። ይህን ሁሉ የጉዞው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጨርሱት፤ ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው እየዘፈኑ መኪና መመለስ የሚችል መምህር የለም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ነዳጁን ማን እንደሚሞላ፣ የሹፌሩና የረዳቱ አበል ከማን እንደሆነ፣ መኪናው ቢበላሽ ቅያሬ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ይጻፍበት።

ከመኪናው ይልቅ ግን ሹፌሩን ምረጡ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተማሪ ጭኖ ከአገር አገር የሚዞር የአውቶቡስ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ በሕግ ቢያንስ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። የነዳበትንም ሰዓት መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ይመዘግበዋል። እኛ ጋ መዝጋቢው እናንተ ናችሁ። “ጋሼ፣ ትናንት ማታ የት አደሩ?” ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ሌሊቱን ከድሬዳዋ ሲነዳ ያደረ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የእናንተን ልጆች አይጭንም። በጉዞው ቀን ጫት እንደማይቃም በውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። አንድ መምህርም ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጥ፤ ሥራው ፍጥነቱን ማየትና ሲያስፈልግ ቀስ በል ማለት ነው።

ስለ ቆጠራ ብዙ ጊዜ ቀለል ተደርጎ ይወራል። አንድ መምህር በሩ ላይ ቆሞ ራስ ሲቆጥር ሁለት ልጅ ቦታ ከተቀያየረ ቁጥሩ ይሳሳታል። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመነሻው ቁጥር ስጡት፣ ጥንድም ይኑረው። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ልጆቹ ራሳቸው ከ1 ጀምረው በየተራ ይጣሩ። 17 ተብሎ ዝም ሲባል 18ን የሚያውቀው ጥንዱ ነው፤ “ሽንት ቤት ናት” ይላል፣ ሴት መምህርት ሄዳ ታመጣታለች። ሴት መምህርት የሌለችበት ጉዞ ባይወጣ እመርጣለሁ። አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ወላጁ በፈቃድ ቅጹ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ፤ መረጃው በአንድ መምህር እጅ ይቆይ፣ በክፍል ፊት አይነበብ።

የትብብር ደብዳቤውን በርዕሰ መምህሩ ፊርማና በማኅተም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ አድርሱ፤ ስካውት አብሯችሁ እንዲሆንም ጠይቁ። የመንገዱን ጸጥታ ዋዜማውን ከወረዳው ፖሊስ አጣሩ። “ችግር አለ” ከተባለ መቅረት ነው፣ ክርክር የለውም። ስለ መሬት መንቀጥቀጥም እንዲሁ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጧል። በታኅሣሥ የነበሩት አንዳንዶቹ በመጠን ከ5 በላይ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል፤ በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። ልጆቻችሁም ሳይሰሙት አልቀሩም። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የፓርኩን ሰዎች ጠይቁ።

ልጆቹን ስለዚያ መንቀጥቀጥ ማስተማሪያው ቦታም ይኸው መንገድ ነው። ከወለንጪቲ ስትወጡ የሚታየው የቦሰት ተራራ ራሱ እሳተ ገሞራ ነው፤ ልጆቹ በየቀኑ እያዩት ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ወደ መተሐራ ስትቃረቡ በመንገዱ ዳር የተከመረው ጥቁር ድንጋይ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ የመጨረሻው ፍሳሽ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። ቀጥሎ በሰቃ ሐይቅ ይመጣል። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ አስፋልቱም ከፍ ተደርጎ እንደገና መሠራት ነበረበት። ከእርሻ መስኖ የሚሰርገው ውሃ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ሲስፋፋ ግጦሹንም እርሻውንም ይበላል። ማይክሮፎን ባይኖርም ግድ የለም፤ ሐይቁ ዳር ደኅና መቆሚያ ፈልጉና መኪናው ቆሞ አሥር ደቂቃ ንገሯቸው። እየሄደ ከተናገራችሁ የፊተኞቹ ብቻ ይሰማሉ።

ስለ ከረዩ አርብቶ አደሮችም ከመውጣታችሁ በፊት በክፍል ውስጥ ተነጋገሩ። ፓርኩ ሲከለል ከተካተተው መሬት ከፊሉ የነሱ የበጋ ግጦሽ ነበር። ይህን ያወቀ ልጅ ግመል የሚነዳ እረኛ ሲያይ በመስኮት አይጮህበትም፣ ሳያስፈቅድም ፎቶ አያነሣውም። ኦሮምኛ የሚችሉት ልጆች ሰላምታ ቢሰጡ ደግሞ ቆንጆ ጨዋታ ይጀመራል።

2 ሰዓት ላይ ድረሱ ያልኩት ለሳላም ጭምር ነው። ኢላላ ሳላ በሚባለው ሜዳ ላይ ሳላው ሲግጥ የሚታየው በጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ሜዳው ላይ ማንም ከመኪና አይወርድም። የአዋሽ ፏፏቴ ጋ ስትወርዱ አዞ እንዳለ አትርሱ፤ እግር መንከርም ሆነ መዋኘት የለም። ሁለት መምህራን ከውኃው በኩል፣ ሁለቱ ከኋላ ይቁሙ። ዝንጀሮዎቹ ፌስታል ያውቃሉና ምግብ መኪና ውስጥ ይበላ። የተቋጠረው ቆሎ፣ ዳቦና በሶ ይሁን፤ በዚያ ሙቀት ወጥ እስከ 6 ሰዓት አይቆይም። ለአንድ ልጅ ሁለት ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ይህን ለወላጅ አትተዉት፣ ትምህርት ቤቱ ገዝቶ ይጫን።

መዋጮውን ስታሰሉ መክፈል የማይችሉትን ከመጀመሪያው ቁጠሯቸው። በየክፍሉ ሦስት አራት ልጆች አይጠፉም፤ “አሞኛል”፣ “እናቴ አልፈቀደችም” ብለው የሚቀሩት አብዛኞቹ እነሱ ናቸው። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ወጪያቸውን እንዲሸፍን ቀድማችሁ ጨርሱና ለልጁ እንደማንኛውም ልጅ ቁጥሩን ስጡት፤ ማን እንደከፈለለት ከክፍል ኃላፊው በቀር ማንም አይወቅ። ገንዘቡን ሁለት መምህራን በደረሰኝ ይሰብስቡ። በተመለሳችሁ ሳምንት ገቢና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። የተረፈ ካለ ለከርሞ ለማይችሉት ልጆች ይቀመጥ፤ ለመምህራን ምሳ አይውጣ።