የእግር መንገድና የውኃ ጉልበት

የእግር መንገድን የሚያበላሸው የተጓዥ ብዛት ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ዋናው ጠላቱ ግን ውኃ ነው።

በአሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ እንመልከት። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1921 ያቀረቡት ቤንተን መካይ ነበሩ። መንገዱን ለመሥራት በ1925 የተቋቋመው ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሥራውን በ1937 ከዳር አደረሰ። የሕግ ባለሙያው ማይረን ኤቨሪ ከ1931 እስከ 1952 ማኅበሩን በሊቀ መንበርነት ያለ ደመወዝ መርተዋል፤ የመለኪያ መንኰራኩር እየገፉም የመንገዱን ርዝመት ለክተዋል።

ይሁን እንጂ ርዝመትን መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ተዳፋትም ይለካል። ቁልቁለቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በዝናብ ጊዜ ቦይ ይሆናል፤ ውኃው በፈጠነ መጠንም አፈር የመጥረግ ኃይሉ ይጨምራል። ስለዚህ የመንገዱ ተዳፋት ከኮረብታው ተዳፋት ግማሽ እንዳይበልጥ ይመከራል። ኮረብታው 16 በመቶ ቢያዘቀዝቅ መንገዱ ከ8 በመቶ አያልፍም፤ ይኸውም በ100 ሜትር አግድም ርቀት 8 ሜትር ከፍታ ማለት ነው። በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ሲደረግም ውኃው መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል።

ይህን ያልተረዳ መሪ የብዙዎችን የነጻ ጉልበት ለጎርፍ ያስረክባል። እኛም ዝናብ ሲጥል በአቅራቢያችን ያለውን መንገድ ልብ እንበል፤ ውኃው ያቋርጠዋል ወይስ ይከተለዋል?