የበረዶ መንሸራተቻ መሣሪያ አመራረጥ

ሁለት እግርን በአንድ ሳንቃ ላይ አስሮ በበረዷማ ቁልቁለት መንሸራተት ስኖውቦርድ ይባላል። መነሻውም በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ሸርማን ፖፕን የተባለ ሰው ሁለት ስኪዎችን አጣምሮ ለልጁ የሠራው መጫወቻ ነው።

ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ ጀማሪ ወጣት ዓይኑ የሚያርፈው በሳንቃው ቀለም ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሳንቃ ሊከራዩት ይቻላል፤ ያገለገለም ቢሆን ካልተሰነጠቀ ይበቃል። ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ጫማው ነው። ተረከዝ በጫማው ውስጥ ከተነሣ ሳንቃው አይታዘዝም። ወላጆች «ያድግበታል» ብለው ሰፊ ጫማ መግዛታቸው ቁጠባ ይምሰል እንጂ ልጁን ለመውደቅ ያጋልጠዋል። የራስ ቁር ግን ያገለገለ አይገዛም፤ ቀድሞ በደረሰበት ግጭት ውስጡ ቢሰነጠቅ ከውጭ አይታይምና። የእጅ አንጓ መከላከያም አይዘነጋም፤ ጀማሪ ሲወድቅ አስቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው።